ሰባተኛዋ ጉድጓድ

ስታቫንገር፣ ኅዳር። ዝናቡ አግድም ይዘንባል፤
ጃንጥላ የዘረጋ ሰው እንግዳነቱ ያስታውቃል።
ከወደቡ በላይ፣ ዱሮ ሰርዲን ይታሸግበት በነበረ ቤት፣
እኔ ባሕር አሽጋለሁ፤ በቁጥር፣ ጥቂት በጥቂት።

ሦስት ሺህ ሜትር ከባሕሩ ወለል በታች የተኛው ዐለት፣
ዐለቱን የወጋው ጉድጓድ፣ የጉድጓዱ አንገት፣
ጭቃው ላይ ተጋድሞ አርባ ኪሎ ሜትር የሚሄደው መስመር፣
ጋዝ ከዘይት፣ ዘይት ከውኃ የሚፋታበት ጋን፣ ያ ሁሉ የብረት ሰፈር፣
እዚህ አሉ፤ በአንድ ስክሪን፣ በአንድ ገበታ፤
አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል፣ ጠዋት ማታ።

ዱሮ ለየብቻ ነበር፤ የዐለቱ ሰው በዐለቱ፣
የቧንቧው ሰው በቧንቧው፣ እንደ ሁለት ባላገር በየርስቱ።
እኔ ግን አንድ ላይ አስቀምጬ አሸማግላለሁ፤
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሌሊት ሌሊት ግፊት አስታርቃለሁ።

ዐለቱ፣ «ይህን ያህል እሰጣለሁ፤ ከዚህ አልጨምርም» ይላል፤
ቧንቧው፣ «በዚህ ግፊት ከመጣ በሬን አልከፍትም» ይላል።
ቀመሩ ይነሣል፤ ከዘራውን ይዞ፣ ከደጅ ወደ ደጅ፣
አንዱን ትንሽ ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ፣ እንደ ሰፈር አማላጅ፤
አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ፣ ልዩነቱ ከፀጉር እስኪቀጥን።
ያኔ አረንጓዴ ይበራል፤ አቀናለሁ ወገቤን።

ስድስቱ ታረቁ።
ሰባተኛዋ እምቢ አለች።

በእኔ ስሌት በቀን አራት ሺህ በርሜል አለባት፤
ባሕሩ ላይ ግን ሁለት ሺህ፤ እሱም ስንት ተለምና፣ ሳል ይዟት።
ሲኖቬ፣ አለቃዬ፣ ከኋላዬ ቆማ፦
«ዐለቱን አሳንሰው፤ ሸርሽርበት፤ ቁጥሩ ይስማማ።
ሰኞ ሪፖርቱ ይሄዳል፤ ጉድጓዷ አርጅታለች በልና ዝጋ።»
እንዴት እንደሚደረግ አውቃለሁ። ጣቴን ብቻ ብዘረጋ፣
አንዲት ቁልፍ ብነካ፣ ከምድር ሥር አሥር ሚሊዮን በርሜል ይጠፋል፤
አልቃሽ የለውም። ወዲያው አረንጓዴው ይበራል።

(ውሸት እንዲህ ነው ለካ፤ ጮሆ አይመጣም፤
ልክ ይገጥማል እንጂ፣ የትም አይጎረብጥም።)

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ወደ መድረኩ ደወልኩ። ኦድሙን አነሣ፤
ነፋስ ግማሽ ድምፁን የበላበት፣ ጆሮው ግን ምንም ያልረሳ።

«ሰባተኛዋ? እሷማ ደኅና ናት።
የታመመው ከእሷ በኋላ ያለው ነው። ቧንቧውን በእጄ ነካሁት፤
በረዶ ነው። ሚያዝያ ላይ ጠራጊውን ኳስ ብንልክ
ከፊቱ ምን ገፍቶ እንደመጣ ታውቃለህ? ሰም።
በአካፋ ዛቅነው፤ ሙሉ ቀን፤ ቡናማ ሰም።
ከዚያ ወዲህ አልላክንም፤ ወረፋ አለ ተባልን።»

ሰም።
ብቻዬን ሳቅሁ።
አጎቴ ጎንጅ ወርዶ ቅኔ ቆጠረ፤ እኔ ትሮንሄይም ሄጄ ቁጥር፤
እሱ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ሲያወጣ፣ እኔ ወርቁን ብቻ ስቆጥር፣
ሰሙ በጨለማው ወለል፣ በቧንቧው ጉሮሮ ሲጋገር
አላየሁትም።

የባሕሩን ብርድ አስገባሁ፤ አራት ዲግሪ፣ ከነወለል፤
የቧንቧውን ሆድ በሚሊ ሜትር አጠበብኩ፣ ሳልሸነግል።
ሽማግሌው እንደገና ተነሣ፤ ከዘራውን ይዞ ዞረ፤
በአሥራ አራተኛው ዙር፣ ዐለቱ ሳይዋረድ፣ ነገሩ ሰመረ።

ለሲኖቬ ጻፍኩ፦ «አላረጀችም። ኳስ ይላክላት።»

ሲነጋ መስኮቱ ሥር የሚያልፈው መኪና ሁሉ ድምፅ የለው፤
ከተማው ዘይቱን ይሸጣል እንጂ በኤሌክትሪክ ነው የሚነዳው።
አሥር ሚሊዮን በርሜል አዳንኩ፤ የማን ሰማይ ጢስ እንደሚሆን ማን ያውቀው።
እነዚህን ሁለቱን የሚያስታርቅ ቀመር እስካሁን አልጻፍኩም።
ኦድሙን ጠዋት ፎቶ ላከ፤ ግድግዳ የተደገፈ አካፋ፤ ሌላ ምንም።